የወንድሜ አንገት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። «ከሰማኸኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበር፤ ይኸው።

ታናሽ ወንድሜ ጅማ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ኅዳር እንቅልፍ አጣ፤ አምስት ሌሊት። ተሳፋሪ በነጻ ያመላልሳል፣ የዕቁቡን ብር መርካቶ ላይ ለማያውቀው ሰው ያድላል፣ አፉ አያርፍም። በመጨረሻ ጅሬን ወጥቶ «የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ቁልፍ አምጡ፣ ወራሹ እኔ ነኝ» ብሎ ከጥበቃዎቹ ጋር ተናነቀ። ሐኪም ቤት ወሰድነው። ማኒያ ነው አሉን፣ ስሜት ከልክ በላይ የሚግልበት፤ የባይፖላር ሕመም። ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ መድኃኒት ተወጋ፣ ክኒኑንም ይዘን ገባን። ዝም ሲል ደስ አለን።

በሦስተኛው ቀን እማዬ አጥሚት ስታጠጣው አንገቱ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። ዞሮ ዞሮ ትከሻው ላይ ተቆለፈ። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተሰቀለ፤ ጥቁሩ ጠፍቶ ነጩ ብቻ። ምላሱ ወጥቶ አልመለስ አለ፣ አጥሚቱ በአገጩ ይወርዳል። አእምሮው ግን እዚያው ነበር፤ እጄን ጨብጦ ያለቅሳል። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ይኸው ራሱን ገለጠ! ክኒኑን ጥላችሁ ጸበል ውሰዱት» ተባለ። እኔም አመንኩ፤ ሽንት ቤት ልጨምረው ይዤው ወጥቼ ነበር፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። በሩ ላይ እግሬ ያዘኝ። «ገብርኤል ሆይ፣ መንፈስም ከሆነ ሌላም ከሆነ አሳየኝ» አልኩ።

ጸበሉ ቦታ አባ መስቀላቸውን አሳርፈው ጸለዩለትና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን ወሰደ?» ክኒኑን አሳየኋቸው። «እንዲህ የሆነ ልጅ ከዚህ በፊት መጥቶብኛል። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ መልሱት፤ ጸበሉ የትም አይሄድም።»

ተረኛዋ ሐኪም ገና በሩ ላይ ስታየው ገባት። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል አለችን። (ክኒኑን ሲሰጡን ማን ነገረን?) ማርከሻ መርፌ ወጋችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ላላ። «እታለም፣ ውሃ» አለኝ።

በዚህ አላበቃም። እግሩ ማረፍ አቃተው፤ ቆሞ ይበላል፣ ሌሊቱን ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል። ሕመሙ የተነሳበት መስሎን መድኃኒቱ ይጨመርለት አልን። ሐኪሟ «ይኼም ከመድኃኒቱ ነው፣ ብጨምር ይብስበታል» አለች። ማኒያው ስላልበረደ እንዲሁ አልተወችውም፤ ሃሎፔሪዶሉን እየቀነሰች ኦላንዛፒን የሚባል ሌላ መድኃኒት ጀመረችለት። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ሌሊት ሲያንኮራፋ ሰማሁት። በሩ ላይ ቆሜ እስኪነጋ አዳመጥኩ።

ኦላንዛፒኑም የራሱ ጣጣ አለው። ሦስት እንጀራ በልቶ ድስቱን ያያል፤ ሱሪው አልዘጋ ብሏል፣ ክብደቱንና ስኳሩን ይለካል። ታኅሣሥ 19 የስለቴን ጥላ ይዘን ሄድን። የዘረጋው እሱ ነው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ከንግሡ ስንመለስ ገና ግቢው በር ላይ «እታለም፣ ቤት የሚበላ አለ?» አለኝ።