ፑላው ስትሠሩ ካሹው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው

ትናንት ማታ ፑላው የሚባለውን የሕንድ የሩዝ ምግብ ሠርቼ ነበር፣ ይኸው እስካሁን ቤቱ ሄል ሄል ይሸታል፣ መጋረጃው ሳይቀር። ፎቶውን ያያችሁ ሰዎች አሠራሩን ላኪልን ስላላችሁኝ ለእያንዳንዱ ሰው ቁርጥራጭ ሜሴጅ ከምልክ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ግን ይሄ ቢሪያኒ አይደለም። የሕንድ ሩዝ ሲባል ብዙ ሰው ቢሪያኒ ነው የሚመስለው፣ ቢሪያኒ ላይ ሩዙ ለብቻው ግማሽ ብስል ይደረግና ከሥጋው ጋር ተደራርቦ ነው የሚታፈነው፣ ፑላው ላይ ግን ሩዙም ቅመሙም ውሃውም አንድ ድስት ውስጥ ይገባና ሩዙ ውሃውን ምጥጥ አድርጎ ጠጥቶ ይበስላል፣ በቃ። ስሙ ራሱ ከፋርሶቹ ፖሎውና ከቱርኮቹ ፒላቭ ጋር ዘመድ ነው። እኔ የምሠራው ካሽሚሪ ፑላው ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ካሹና አልሞንድ (እንደ ለውዝ የሚበሉ ፍሬዎች)፣ ዘቢብና ሳፍሮን (የአበባ ክር የሆነ ቅመም) ያለበት፣ የሚያቃጥል ነገር ግን የሌለበት።

ያስተማረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ አገሯ ደቡብ ሕንድ ያለችው ኬረላ ነው፣ ኮላም ከምትባል ከተማ። የመጀመሪያ ጊዜ ሠርቼ ቢሮ ይዤላት ስሄድ ካሹውን ከሩዙ ጋር አብሬ ነበር የቀቀልኩት። አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ ካሹውን ማኘክ ሳያስፈልጋት በምላሷ ስትጨፈልቀው አየኋት፣ ከዛ ቀስ ብላ "ቅመሙ ጥሩ ነው፣ ካሹውን ግን ውሃ አታሳዪው፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው" አለችኝ። ልክ ነበረች፣ የተቀቀለ ባቄላ ነበር የሚመስለው። ከዛን ቀን ጀምሮ ካሹ ውሃ አይቶ አያውቅም እኔ ቤት።

ኮላም ደግሞ እንዲሁ ከተማ አይደለችም፣ የካሹ ፋብሪካዎች አገር ናት። ካሹ የሕንድ ይምሰለን እንጂ ዛፉ የብራዚል ነው፣ ፖርቹጋሎች ናቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሕንድ ያመጡት፣ ሕንዶቹ ካጁ የሚሉትም ከፖርቹጋሎቹ ወስደው ነው። እና ምን መሰላችሁ፣ የካሹ ቅርፊት ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥል ጥቁር ዘይት አለ። የባልደረባዬ አያት ዕድሜዋን ሙሉ ካሹ ስትፈለፍል ነው የኖረችው፣ ጣቶቿ ጠቁረው ነበር ትላለች፣ በዓል ሲመጣ እንኳን ብትፈትግ ብትፈትግ አይለቅም ነበር። ይሄን ከነገረችኝ በኋላ ካሹን እንደ ዝም ብሎ ማጌጫ ማየት አልቻልኩም፣ አንድ ፍሬ ሲያርብኝ ራሱ ይቆጨኛል።

እሺ ወደ ሩዙ። ሩዙ ባስማቲ መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ባስማቲ የሚበቅለው ከሂማላያ ሥር ባሉት ሜዳዎች ነው፣ ፑንጃብ፣ ሃርያና፣ እነዛ አካባቢ፣ ሕንድ በ2016 የትኞቹ አካባቢዎች የሚያመርቱት ሩዝ ባስማቲ ተብሎ እንደሚጠራ በሕግ ወስናለች። ሽታውን ልብ ብላችሁ ካሸተታችሁት ፈንዲሻ ፈንዲሻ ይላል አይደል፣ እውነትም ፈንዲሻ ላይ ያለው የሽታ ንጥረ ነገር እሱም ላይ ስላለ ነው። ስትገዙ የቆየ የሚለውን ፈልጉ፣ አንድ ዓመትና ከዛ በላይ ተከማችቶ የቆየ ባስማቲ እርጥበቱ ስለሚቀንስ ሲበስል አይጣበቅም፣ ወደ ጎን ከመወፈር ወደ ርዝመቱ ነው የሚለጠጠው።

ለአራት ሰው ሁለት ኩባያ ሩዝ በቂ ነው። አራት አምስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ሳታሹት፣ በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ፣ መጀመሪያ እንደ ወተት የሚነጣው ውሃ እየጠራ እስኪመጣ። ያ ነጩ ነገር ስታርች ነው፣ እሱ ካልወጣ ሩዙ ገንፎ ይሆናል። ከዛ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሲጠጣ ብርጭቆ የሚመስለው ፍሬ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ይሆናል፣ በሁለት ጣት ጫን ስትሉት ስብር ካለ ደርሷል፣ አጥልሉትና ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ተዉት።

እሱ እስኪሆን ሳፍሮኑን በሁለት ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ዘፍዝፉ። ቀለሙ ዘይት ላይ አይወጣም፣ ውሃ ወይ ወተት ይፈልጋል። አንድ አበባ ላይ ያሉት ሦስት ክር ብቻ ናቸው፣ በእጅ ነው የሚለቀሙት፣ ለአንድ ኪሎ ወደ 150 ሺህ አበባ ይፈጃል፣ ካሽሚር ውስጥ ፓምፖር የምትባለው ቦታ በሱ ነው የምትታወቀው። አሥራ አምስት ክር ይበቃል፣ ቢበዛ ይመርራል። ከሌላችሁ ተዉት፣ አንዳንድ ሰው በሱ ፈንታ እርድ ያደርጋል፣ ቀለሙ ቢጫ ይሆናል ግን ጣዕሙን ሌላ ቦታ ነው የሚወስደው፣ እኔ ነጩን እመርጣለሁ።

አሁን ካሹው። ድስት ላይ ሦስት ትልቅ ማንኪያ ጊ፣ ማለት ምንም ቅመም ያልገባበት የተነጠረ ቅቤ፣ ቅመም የገባበት ከሆነ ሄሉን ይውጠዋል። እሳቱ ትንሽ ይሁን። ካሹውን ለሁለት ፈልቅቃችሁ ግማሽ ኩባያ የሚሆን አስገቡ፣ እና ከዛ ዞር እንዳትሉ፣ ስልክ ቢጠራም አታንሱ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ምንም የሆነ አይመስልም፣ ከዛ የጠርዙ መስመር ቢጫ ይላል፣ ከዛ ጀርባው፣ ከዛ በአንዴ ይሮጣል። የማር ቀለም ከመያዙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ነው ማውጣት ያለባችሁ፣ ምክንያቱም ከወጣም በኋላ ውስጡ ባለው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፣ ድስቱ ላይ ልክ የሆነ ሳህን ላይ አልፎበታል። አልሞንዱን ቀድማችሁ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ልጣችሁ በረዥሙ ከከተፋችሁት እሱንም ውሃውን አድርቃችሁ እንደዛው ጥበሱት። ዘቢቡ የመጨረሻው ነው፣ ሃያ ሰከንድ፣ እንደ ትንሽ ኳስ ንፍት ሲል አውጡት። ሁሉንም ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ሳትሸፍኑ አስቀምጡ፣ ከተሸፈነ ራሱ ላቡን አውጥቶ ይለሰልሳል።

በዛው ጊ ላይ ቅመሙን ሳይፈጭ፦ ስድስት ሄል ስንጥቅ አድርጋችሁ (አረንጓዴዋ ትንሿ ናት፣ ኮረሪማ ሌላ ተክል ነው)፣ አምስት ቅርንፉድ፣ አንድ ጣት የሚያክል ቀረፋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሁለት የቤይ ሊፍ ቅጠል። የሕንዶቹን ቅጠል ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፣ ቴጅ ፓታ ይሉታል፣ ርዝመቱን ይዘው የሚሄዱ ሦስት መስመሮች አሉት፣ የቀረፋ ዘመድ ስለሆነ ሽታውም ወደዛ ነው። የቅመም ሽታ በቅባት ነው በደንብ የሚፈታው፣ ለዛ ነው ከውሃው በፊት ቅቤው ውስጥ የሚገባው። ከሙኑ ሲንጣጣ፣ ሄሉ ሲነፋ፣ ቀጭን የተከተፈ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ጨምሩና ቡኒ እስኪሆን አቁላሉት፣ ትንሽ የተፈጨ ዝንጅብል፣ ከዛ የጠለለውን ሩዝ። እዚህ ጋ እጃችሁ ይለዝብ፣ የተዘፈዘፈ ሩዝ በቀላሉ ይሰበራል፣ ከሥር እያነሳችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ አገላብጡት።

ሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ፣ ጨው፣ ውሃውን ቅመሱት፣ ጨው በዛ እንዴ የሚያስብል መሆን አለበት። ሲፈላ ሳፍሮኑን ከነወተቱ አፍስሱበት፣ ክዳኑን ግጥም፣ እሳቱን የመጨረሻ ዝቅ፣ 12 ደቂቃ። ከዛ አጥፉና ሌላ 10 ደቂቃ ሳትከፍቱ ተዉት። እኔን የሚከብደኝ ይሄ 10 ደቂቃ ነው፣ ሽታው ይጠራል፣ ግን በዚህ ጊዜ ነው እንፋሎቱ ከታች ወደ ላይ እኩል የሚዳረሰው ፍሬውም የሚጠነክረው፣ ቀድማችሁ ከከፈታችሁ የላዩ ጠንካራ የታቹ ጭቃ ይሆናል። ከዛ በሹካ ከጎን ከጎን ፈታ ፈታ አድርጉት።

ካሹው፣ አልሞንዱና ዘቢቡ አሁን ነው የሚገቡት፣ ያውም ሰው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ። ግማሹን ከሩዙ ጋር ቀስ ብላችሁ ቀላቅሉ፣ ግማሹን ከላይ በትኑ። አጠገቡ እርጎ ኪያር ተከትፎበት፣ ትንሽ ጨውና የተቆላ ከሙን ነስንሳችሁ፣ ሕንዶቹ ራይታ የሚሉት፣ ከዛ ሌላ ወጥ አያስፈልገውም።

እንግዳ ከጠራችሁ ግን ካሹም ሆነ አልሞንድ የሚያስቸግረው ሰው እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ አለርጂው ቀልድ አይደለም። ካለ ካሹውን አንስቼ አቀርብለታለሁ ማለት አይበቃም፣ የጠበሳችሁበት ጊ ራሱ ድስቱ ውስጥ ገብቷል፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ያለሱ ነው የሚሠራው።

የተረፈውን ሩዝ ማታውን ውጭ አታሳድሩት፣ በረድ እንዳለ ሰፋ ባለ ዕቃ ፍሪጅ ይግባ፣ የበሰለ ሩዝ ከፍሪጅ ውጭ ሲቆይ ባክቴሪያው የሚያወጣው መርዝ በኋላ ብታሞቁትም አይጠፋም። እኔ ትናንት አንድ እፍኝ ካሹ ለብቻው በብርጭቆ ዕቃ ከድኜ አስቀርቼ ነበር፣ ዛሬ ምሳ ላይ ሩዙን ትንሽ ውሃ ረጭቼ ክዳን ገጥሜ አሞቅኩትና ካሹውን በላዩ በተንኩበት፣ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።