የጆርጅ ኢን ሰገነቶች

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሐሳቤን የያዘው ለንደን፣ ሳዘርክ ያለው ጆርጅ ኢን የሚባል የድሮ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የቀድሞውን ቤት የ1676 (እ.ኤ.አ.) እሳት በላው፤ ያሁኑ በ1677 የተሠራ ነው። ለንደን ውስጥ ባለሰገነት ሆኖ የቀረ የሠረገላ ተጓዦች ማረፊያ እሱ ብቻ ነው።

ሰገነቱ ለጌጥ አልተሠራም፣ ኮሪደር ነው። የመኝታ ክፍሎቹ በር ወደ እሱ ስለሚከፈት ቤቱ ውስጥ ለመተላለፊያ የሚባክን ቦታ አልነበረም። ታች ግቢው ውስጥ ፈረስ ይፈታል፣ እላይ እንግዳ ይተኛል። ምን ያደርጋል፣ በ1889 ለባቡር መጋዘን ሲባል አብዛኛው ፈርሶ የደቡቡ ክንፍ ብቻ ተረፈ። ከ1937 ጀምሮ ቅርሶችን የሚጠብቀው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የናሽናል ትረስት ነው።

እንዲህ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት የሚጎዳው በሲሚንቶ ሲጠገን ነው። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ንቅንቅ ስለማይል በመሃላቸው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትከፈታለች። ዝናቡ በዚያች ይገባና መውጫ ያጣል፤ ከላይ ደህና የሚመስለው እንጨት ከውስጥ ይበሰብሳል። የኖራ ልስን ግን እርጥበቱን ያስወጣል። መጀመሪያ የሚፈተሸው የምሰሶው እግር ነው፦ ሹል ብረት ያለትግል ከገባ በስብሷል። ያኔም የተበላሸውን ብቻ ቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት መቀጠል ነው እንጂ ምሰሶውን እንዳለ ማውጣት ጥፋት ነው።