"አሁን ገባህ?"

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጋቢዬን ወርውሬ ተነሣሁ። ደረቴ ላይ እሳት የለቀቁብኝ ነው የመሰለኝ። ካናቴራዬ በላብ ርሷል። ባለቤቴ መብራት አብርታ አየችኝና ሳቀች።

"አሁን ገባህ?"

ገባኝ። ያኔ እሷ ስታርጥ፣ በላብ ተጠምቃ መስኮት ስትከፍት፣ "ደግሞ ጀመረሽ!" እያልኩ ጋቢዬን እከናነብ ነበር።

የኔ የፕሮስቴት ካንሰሬ መርፌ ጣጣ ነው። ካንሰሩ የሚጠነክረው በወንዴ ሆርሞን ስለሆነ ሆርሞኑን ያደርቁታል። በየ12 ሳምንቱ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጎሰሬሊን የምትባል መድኃኒት ሆዴ ላይ ከቆዳ ሥር ይቀብሩልኛል። ሌላው መንገድ ቆለጥን በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው፤ አንዴ ተሠርቶ ያልቃል። ቻርልስ ሀጊንስ የሚባል ሐኪም ይህ እንደሚሠራ በ1941 አሳይቶ፣ በ1966 ኖቤል ተሸልሞበታል (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። መርፌውም ቀዶ ጥገናውም ሆርሞኑን እንደሚያጠፉ አውቃለሁ። ግን እኔን ቢሸልሙኝም ቢላዋውን እንጃ።

ከመርፌው ሌላ የጨረር ሕክምናም ነበረኝ። ጨረሩ ራሱ አያምም። 20 ቀን ተመላለስኩ። ያሳበደኝ ውኃው ነው። ፊኛ ሞልቶ መተኛት ስላለብህ ግማሽ ሊትር ጠጣ ትባላለህ። ጠጥተህ ስትጨርስ "ማሽኑ ትንሽ ይቆያል" ይሉሃል። ስድስት ሽማግሌዎች ኮሪደር ላይ እግራችንን አነባብረን ቁጭ። ቀልድ የሚያውቅ ሰው እንዳይቀልድ ይለመናል፤ የሳቀ አለቀለት።

ከዚያ ወዲህ ሽንቴ ሲመጣ ፋታ አይሰጥም። ታክሲ ውስጥ በር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። ለቅሶ ቤት ስገባ ከሐዘንተኛው በፊት መጸዳጃ ቤቱን ነው በዓይኔ የምፈልገው።

የመኝታ ቤቱን ነገር ለባለቤቴ ለመናገር አራት ወር ፈጀብኝ። አለመቻል እንደሚመጣ ሰምቼ ነበር። መፈለጉ ራሱ ድራሹ ይጠፋል ብሎ የነገረኝ ግን የለም። እሷ ያኮረፍኳት መስሏት ኖሯል።

ባለፈው ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ፣ "ጋሼ፣ ፒኤስኤዎ 0.1 ገብቷል፤ በጣም ጥሩ ነው!" አለኝ። ፒኤስኤ የሚሉት የፕሮስቴቱን ነገር የሚከታተሉበት የደም ምርመራ ነው፤ ሲወርድ ነው ደጉ። ደስ አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ውጭ ስትጠብቀኝ ነበር።

"ነገርከው?"

"ምኑን?"

"እሱን ነዋ! ላቡን፣ ሽንቱን... ያንንም።"

ዝም አልኩ። ቀጣዩ ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነው። አብሬህ ነው የምገባው ብላለች።