1.6 ሜትሯ የት ገባች?

የፋብሪካችን የውሃ ታንከር ሞልቶ ሲፈስ አደረ። ስክሪኑ ግን 6.4 ሜትር ይላል። ታንከሩ 8 ሜትር ነው። የጉድጓዱ ፓምፕ 7.5 ላይ እንዲቆም ነው የተደረገው፤ ስክሪኑ እዚያ ስላልደረሰ ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋ አደረ። በዚያው ሰሞን የውሃውን ከፍታ የሚለካው ሴንሰር ተቀይሮ ነበር።

ፎርማናችን "በቃ፣ 1.6 ጨምሩበትና ይለቅ" አለ። 6.4 ሲደመር 1.6 ስምንት ነው፤ ልክ ይመስላል።

ከቴክኒክና ሙያ ለልምምድ የመጣች ልጅ አለች። "ጋሼ፣ ውሃው ዝቅ ሲልስ ስንት እንደሚሳሳት ብናይ?" አለችው። "እስቲ እንይ" አላት።

ታንከሩ ሙሉ ሳለ ሴንሰሩ የሚልከውን ከረንት በመልቲሜትር ለካች፤ 16.8 ሚሊአምፔር። ውሃው ሲወርድ ጫፉ ላይ ብረት ያሰረችበትን ሜትር ከላይ ሰደደች። 2 ሜትር። ከረንቱ 7.2፣ ስክሪኑ ደግሞ 1.6። ስህተቱ 0.4 ብቻ ሆነ።

ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ስህተቱ ላይም ታችም እኩል ቢሆን መደመር ይበቃ ነበር። ውሃው በጨመረ ቁጥር ስህተቱም የሚያድግ ከሆነ ግን የተሳሳተው ስሎፑ ነው፤ ማለትም ከረንቱ በአንድ ሲጨምር ከፍታው የሚጨምርበት ልክ። 1.6 ጨምረን ብንሄድ ኖሮ ባዶው ታንከር "1.6 ሜትር ውሃ አለኝ" ይል ነበር። ወደ ፋብሪካው የሚገፋው ፓምፕ 1 ሜትር ላይ መቆሙ ይቀርና በደረቁ እየዞረ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋውን ክፍል፣ ሲሉን፣ ያቃጥላል። ከፈሰሰው ውሃ የሚብስ ኪሳራ ነው።

ካርቶን ላይ ጻፈች። ከፍታው በ6 ሲጨምር ከረንቱ በ9.6 ጨምሯል። 6ን ለ9.6 ስታካፍለው 0.625፤ ስሎፑ ተገኘ። ከዚያ አንዱን ነጥብ አስገባች። 0.625 በ7.2 ሲባዛ 4.5 ነው፤ 2 እንዲሆን 2.5 ይቀነሳል።

ከፍታ = 0.625 × ሚሊአምፔር − 2.5

ከረንቱን ወደ ሜትር የሚቀይረው ኮንትሮለር ውስጥ የነበረው 0.5 × ሚሊአምፔር − 2 ነው። የድሮው ሴንሰር እስከ 8 ሜትር ይለካ ነበር፣ አዲሱ እስከ 10። ገላው ላይ ተጽፏል፤ ሲገጠም ያነበበው የለም።

እኔን ደስ ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ሁለት ነጥብ፣ ልኬቱ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ፣ መስመር መስጠቱ አይቀርም። ስለዚህ ሦስተኛ ፈለገች። ውሃው 5 ሜትር ሲደርስ ከረንቱ 12 ሆነ። 0.625 በ12 ሲባዛ 7.5፣ 2.5 ሲቀነስ 5። ገጠመ።

ፎርማኑ ካርቶኑን ተቀብሎ 2.5ቷ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ልጄ፣ ታንከር ከዜሮ በታች አለው እንዴ?"

"የለውም ጋሼ። ባዶው ታንከር ራሱ 4 ሚሊአምፔር ይልካል፤ እኩልታው ላይ ሲገባ ዜሮ ይሆናል። ሽቦው ከተበጠሰ ግን ከረንቱ ዜሮ ስለሆነ ስክሪኑ ኔጌቲቭ 2.5 ያሳያል።"

እኩልታውን የቀየርን ቀን፣ ንባቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ ሁለቱንም ፓምፕ የሚያቆም አላርም አብሮ እንዲገባ አዘዘ።