አክተር አይሞትም፤ ግን ምን ያህል ይችላል?

በቪዲዮ ቤት ዘመን ሕጻን አዋቂው የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበር፦ አክተር አይሞትም። ከዚህ ሕግ ጋር ጠብ የለኝም። የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነብም ሆነ አክሽን ፊልም የሚያይ ሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ እስከ መጨረሻው እንደሚዘልቅ ተስማምቶ ነው የሚጀምረው። በአራተኛው ምዕራፍ የጎድን አጥንቱ የተሰበረ ሰው በአምስተኛው ምዕራፍ ትንፋሽ ሳያጥረው አጥር እንዲዘል ግን አልተስማማም። ባለታሪካችሁን የፈለጋችሁትን ያህል ደብድቡት። ዱላው ከላዩ ላይ የወሰደው ነገር በሚቀጥለው ትዕይንት ጎድሎ ከታየ አንባቢው ያምናችኋል።

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ልኩን የሚወስነው በሕመም ነው፤ «ሰው ይህን ያህል ሕመም ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን ሕመም ደካማ መለኪያ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ላይ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ስለ ሕመማቸው ጠይቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት አብዛኞቹ ማስታገሻ እንዳልፈለጉ ጽፏል። ስለዚህ ተመትቶ ለጥቂት ጊዜ ምንም ያልተሰማው ጀግና ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ የሚጀምረው አጥንቱ የደቀቀ እጅ ሽጉጥ ሲያቀባብል ነው። በድንጋጤ ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊን ሕመምን ይሸፍናል እንጂ የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም።

ለዚህ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ በኤፍቢአይ ወኪሎችና በሁለት የባንክ ዘራፊዎች መካከል የተደረገውን ተኩስ የመሰለ ማስረጃ የለም። ከዘራፊዎቹ አንዱ ማይክል ፕላት ገና በጅምሩ በክንዱ በኩል የገባ ጥይት ቀኝ ሳንባውን በስቶ ከልቡ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ቆመ። ቁስሉ ገዳይ ነበር፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላም እየተኮሰ ሁለት ወኪሎችን ገደለ። ከወኪሎቹ ወገን ደግሞ ኤድመንዶ ሚሬለስ ግራ ክንዱ በጠመንጃ ጥይት ደቅቆ ሳለ ሾትገኑን በአንድ እጁ ብቻ እያቀባበለ ተኮሰ፤ በመጨረሻም ሪቮልቨር ይዞ ወደ ዘራፊዎቹ መኪና ተራመደና ውጊያውን ጨረሰው። ሁሉም ነገር ያለቀው ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። የሚሬለስን ትዕይንት ኃይለኛ ያደረገው ግራ እጁ እስከ መጨረሻው ሥራ ፈትቶ መቅረቱ ነው። በሁለት እጅ ቀላል የነበረው ማቀባበል በአንድ እጅ ሲሆን ራሱን የቻለ ትግል ሆነ።

እንግዲህ ባለታሪካችሁን ከመምታታችሁ በፊት ደሙን፣ አየሩን፣ አጥንቱንና ጭንቅላቱን አስቡ።

አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር ደም አለው። እስከ 750 ሚሊ ሊትር ቢፈስ ጤነኛ ሰው ብዙም ለውጥ ላያሳይ ይችላል። ከዚያ እስከ 1.5 ሊትር ድረስ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ያልፋል፣ ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ይቅበጠበጣል። ከ1.5 ሊትር በላይ ሲሆን የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፣ ቆሞ መሄድ ያቅተዋል። 2 ሊትር ካለፈ ሞት ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወለሉን በደም አጥለቅልቃችሁ ወዲያው ረጅም ንግግር አታስደርጉት። ከጭን ውስጠኛው ክፍል ትልቁ የደም ቧንቧ ከተቆረጠ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚያድነው ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያርፍ፣ ደሙ እስኪቆም በእንጨት ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ሰፊ ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው ራሱ ክፉኛ ያማል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆይ ደግሞ እግሩን ይጎዳል። ለልብ አንጠልጣይ ታሪክ (ትሪለር) ጸሐፊ ይህ የተሰጠ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ሲጠቀሙበት ግን እምብዛም አይታይም።

ጸሐፊዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የትከሻ ጥይት ነው። ጀግናው ይመታል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ በፋሻ ይታሰራል፣ በማግስቱ ይሮጣል። ነገር ግን ከአንገት ሥር ካለው አጥንት በታች ለክንድ ደም የሚያደርሰው ትልቅ ቧንቧና እጅን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች አንድ ላይ ያልፋሉ። እዚያ ላይ ማሰሪያ ማሰር አይቻልም፤ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቆ በሙሉ ኃይል መጫን ብቻ ነው። ነርቮቹ ከተነኩ ደግሞ እጁ እንደ ተንጠለጠለ ሊቀር ይችላል። ጀግናው መመታት ካለበት የጭኑን ውጫዊ ሥጋ ምረጡለት፤ ያነክሳል፣ ደረጃ ያስጨንቀዋል፣ ታሪኩ ግን ይቀጥላል።

በቢላ ጥይት ማውጣትን ደግሞ ተዉት። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1912 ሚልዋኪ ውስጥ ንግግር ሊያደርግ ሲል ደረቱን በጥይት ተመትቷል። ጥይቱ የታጠፈውን 50 ገጽ ንግግርና የመነጽሩን ማኅደር በስቶ በማለፉ ኃይሉ ደክሞ ነበር። ሩዝቬልት ሳል ብሎ አፉን ፈተሸ፤ ደም አለመኖሩን ሲያይ ሳንባው እንዳልተነካ ገምቶ መድረክ ላይ ወጣና ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረ። ሐኪሞቹ ጥይቱን ሳያወጡት ዕድሜ ልኩን በደረቱ ይዞት ኖረ። እዚህ ላይ ለጸሐፊ የሚጠቅመው ያቺ ሳል ናት። ልምድ ያለው ሰው ሲቆስል ራሱን ይፈትሻል፦ ጣቶቼ ይታዘዛሉ? ትንፋሼ ይገባል? የምተፋው ምን ይመስላል?

ጭንቅላት ላይ ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። በሰደፍ ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነቃው በሰከንዶች ወይም በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ሐኪሞች ቀላል መናወጥ አይሉትም። «ከሦስት ሰዓት በኋላ መጋዘን ውስጥ ታስሮ ነቃ» የሚለው ትዕይንት እንግዲህ ከባድ የአንጎል ጉዳት ያለበትን ሰው ያሳያል ማለት ነው። ቀላሉም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ያስመልሳል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ ከመመታቱ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች ያስረሳል። የመርሳቱ ነገር ለሴራ ወርቅ ነው። የጠላቱን ፊት አይቶ የረሳ ባለታሪክ ጉዳቱን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ይዞት ይጓዛል።

ውድቀት በቀላል ሂሳብ ይታያል። ከ15 ሜትር፣ ማለትም ከአራት ፎቅ ገደማ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ከዚህ ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ከሚወድቁት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። 3 ሜትር ወድቆ በረንዳ ጠርዝ ላይ በእጁ የሚንጠለጠለውንም አስሉት። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ፣ ጣቶቹና ትከሻው የሚሸከሙት በአማካይ 880 ኪሎ ያህል ነው። የሚቻለው ትዕይንት እየተንሸራተተ፣ እየተጋጨ፣ ቆዳው እየተላጠ፣ በየመሀሉ የሆነ ነገር ፍጥነቱን እየቀነሰለት የሚወርድበት ነው።

ባዶ ቡጢ የራስ ቅል ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የመቺው አጥንት ነው፤ ለመዳንም ሳምንታት ይፈልጋል። የሚያውቅ ሰው በመዳፉ ወይም በክርኑ ይመታል። ጥይት መከላከያ ሰደርያም ጥይቱን ያስቆማል እንጂ ምቱን አያጠፋም። የአሜሪካው መመዘኛ በፍተሻ ጊዜ ከሰደርያው ጀርባ ያለው ሸክላ እስከ 44 ሚሊ ሜትር እንዲጎደጉድ ይፈቅዳል። ያ ጉድጓድ የሰው ጎድን ላይ ሲሆን አስቡት። ለሽጉጥ የተሠራው ሰደርያ ደግሞ የጠመንጃ ጥይት አያቆምም። ከፍንዳታ መሮጥ ጨርሶ አይቻልም፤ ሞገዱ ከድምፅ ይፈጥናል።

ጸሐፊዎች በብዛት የሚዘሉት የማግስቱን ጠዋት ነው። እብጠት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይብሳል፤ የጡንቻ ሕመምም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል። ትናንት ማታ ሦስት ሰው የጣለው ጀግና ዛሬ ጫማውን ማሰር ያቅተዋል። የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ለስድስት ሳምንት ያህል መሳቅ፣ ማሳል፣ ከአልጋ መነሳት ፈተና ነው። ታሪካችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ከባዱን ጉዳት ወደ መጨረሻው አንድ ሦስተኛ ግፉት። መጀመሪያ ላይ ካደረጋችሁት ቀሪውን መጽሐፍ ለማጣት ወይ ለመዋሸት ትገደዳላችሁ።

እንዳይጠፋባችሁ ለየባለታሪኩ አንድ ገጽ መዝገብ ያዙ። ጉዳቱን፣ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የትኛው እጅ ወይም እግር እንደሆነ፣ ከዚህ በኋላ ማድረግ የማይችለውን ጻፉ። ከዚያ ቀጣዩን ትዕይንት የማይችለውን ነገር በሚጠይቅ ቦታ አስቀምጡት፦ ቀኝ እጁ ለተጎዳ በሩ ቁልፍ ይፈልግ፣ እግሩ ለተጎዳ ሊፍቱ ይበላሽ።

በዚህ ሁሉ ላይ ዘበኞቹን አትርሱ። ጀግናው ሃያ ቡጢ ችሎ ዘበኛው በአንድ ሲዘረር አንባቢው ጀግናውን ማመን ያቆማል፤ ሁለቱም ያላቸው ያው ሥጋና አጥንት ነውና። በሦስተኛው ምዕራፍ ክንዱ የተሰበረውን ዘበኛ በዘጠነኛው ምዕራፍ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ፣ በግራ እጁ ሽጉጥ ይዞ መልሱት።