ለእንባ ቅርጽ ተሳቢ የሚታጠፍ ጠንካራ ግድግዳ፦ ቀድሞ የማጠፊያው መስመር

በሱሉልታ ንፋስ ሸራ ዋጋ የለውም። ሌሊቱን ሲርገበገብ ያድራል፤ ክረምት ላይ ደግሞ አይደርቅም፤ እርጥቡን ታጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል። ስለዚህ የሠራኋት፣ በመኪና የምትጎተትና ከጎን የእንባ ጠብታ የምትመስል የመኝታ ተሳቢ ጣሪያዋ ከፍ ሲል ክፍተቱን የሚዘጋው ሸራ ሳይሆን የሚታጠፍ ጠንካራ ግድግዳ ነው። በውጤቱ እኮራለሁ። ማጠፊያው ላይ ያለውን ጣጣ ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ብረትና ብዙ ብስጭት ይተርፈኝ ነበር።

ሻሲው ባለ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጠ ባዶ አራት ማዕዘን ብረት) ነው። አካሉ የተለካው በአንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ በ244 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው። ጣሪያው በአራቱም ማዕዘን ይነሳል፦ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ 30 ቱቦላሬ ውስጥ ባለ 25 ይንሸራተታል፣ በፒን ይያዛል። ይህን ማንኛውም ብረታ ብረት ቤት ይሠራዋል።

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእንባ ቅርጽ ውበቱ ኩርባው ነው፤ ማጠፊያ ግን ኩርባ ላይ አይዞርም። ጣሪያው ከአካሉ የሚለይበት መስመር ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ያለ አግድም ይሁን፤ ኩርባው ከመስመሩ በላይ ለጣሪያው ይቅርለት። ያኔ ግድግዳዎቹ ተራ አራት ማዕዘን ይሆናሉ።

የውስጡ ስፋት 116 ሳንቲ ሜትር ነው። የግራውና የቀኙ ግድግዳ ቁመታቸው ከ58 በታች ቢሆን ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ተቀምጦ ራስ እንዳይነካ ግን 70 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ይደራረባሉ። ሲደራረቡ የአንደኛው ማጠፊያ ከፍ ማለት አለበት፦ የግድግዳው ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር፣ ለጎማና ለመያዣ 10፣ በድምሩ 30 ሚሊ ሜትር። በከፍተኛው ማጠፊያ ላይ ያለው ግድግዳም በዚያው ልክ ያጥራል፤ አንዱ 70፣ ሌላው 67። ሲታጠፍ ዝቅተኛው ይቀድማል፤ ሲነሳ ከፍተኛው። የፊትና የኋላው ግድግዳ ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው መጨረሻ ላይ ይወርዳሉ፣ ሁሉንም የሚቆልፉት እነሱ ናቸው።

ማጠፊያውን የሚሸከመው አንግል ብረት አይበየድ። ረጅም ብየዳ በአንድ ጉዞ ሲሳብ ሙቀቱ ብረቱን ያቆለምመዋል፤ በ2 ሜትር ላይ 4 ሚሊ ሜትር ጉብታ ካለ ረጅሙ ማጠፊያ ይነክሳል። የእኔን የበየደው ባለሙያ «ቀለም ይሸፍነዋል» ብሎ አስረከበኝ። ቀለም ጉብታ አይሸፍንም፤ ይህን አንድ ብረት ሠሪ አያውቅም ብዬ ማመን እስካሁን ያቅተኛል። ብረቱ ተቆርጦ ወጣ፤ አዲሱ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ታሰረ። ቀዳዳዎቹ ሞላላ ይሁኑ፤ ክር ወጥሮ ቀጥ እስኪል ማስተካከል ይቻላል።

ቀጥሎ ውሃ። ሻጩም ሠራተኛውም መልሳቸው ሲሊኮን ነው። በሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን ይላቀቃል፤ ውሃ የሚከለክለው መደራረብ ነው፣ የቤት ቆርቆሮ እንደሚደራረበው። ማጠፊያው በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ስለሚዞር ውጭው ክፍት ይቀራል። በግድግዳው ውጫዊ ፊት ግርጌ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ የአሉሚኒየም ከንፈር በሪቬት ይታሰር። ግድግዳው ሲታጠፍ ከንፈሩ ወደ ውጭና ወደ ላይ ስለሚዞር አካሉን አይነካም። ግን ታጥፎ ሲተኛ ከአካሉ ውጭ ይወጣል፤ መጠኑ የከንፈሩ ርዝመት ሲቀነስ የግድግዳው ውፍረት ነው፣ እዚህ 5 ሚሊ ሜትር። ከንፈሩን 40 ያደረገ ሰው 20 ይወጣበታል፣ ጣሪያውም አይዘጋለትም። የጣሪያው ቀሚስ (በጎን ወደ ታች የሚወርደው ጠርዙ) ከአካሉ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከውስጥ በኩል ማጠፊያውን በሙሉ የከባድ መኪና ካላማዳሪ ተቆርጦ ይሸፍነው፤ አቧራውን የሚይዘው እሱ ነው። የግድግዳው ላይኛው ጠርዝ ላይ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የሚሸጠው የመኪና በር ጎማ ይበቃል፤ ጣሪያው በግድግዳዎቹ ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጎማውን ይጫነው።

ግድግዳው ራሱ ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ መሐሉ 12 ሚሊ ሜትር ፎምና ዙሪያውን የእንጨት ጠርዝ ነው። ማጠፊያው የሚታሰረው በእንጨቱ ላይ እንጂ በፎሙ ላይ አይደለም። ፎሙን ለመቆጠብ የሚያስብ ሰው ይተወው፤ ሁለት ሰው ሲተነፍስ ያደረበት ፎም የሌለው ግድግዳ በደጋ ብርድ ጠዋት ላይ ያንጠባጥባል። በፎሙም ቢሆን ሁለት ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ሌሊቱን ክፍት ይደሩ። ኮምፔንሳቶውን «ውሃ አይበግረውም» ቢሏችሁም ቁራጭ ወስዳችሁ ቀቅሉት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ለብዙ ሰዓት ይቀቀል፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ ኮላው የቤት ውስጥ ነው። ደህናውም ቢሆን ከመገጠሙ በፊት የተቆረጠ ጠርዙ ሁሉ ሦስት ጊዜ ቬርኒሽ ይቀባ።

የተሽከርካሪ ምርመራ ላይ የታየው መብራት፣ ጎማና መጎተቻው ብቻ ነበር። ጣሪያው ኮረኮንች ላይ እንዳይከፈት ምን እንደያዘው የጠየቀ የለም፤ ይህ ደግሞ ከኋላ ለሚከተል መኪና ከመብራቱ እኩል አደጋ ነው። በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ መቀርቀሪያ፣ በላዩም ዙሪያውን የጭነት ቀበቶ ይታሰር። ከመነሳት በፊት ፍራሹና ብርድ ልብሱ ከማጠፊያው መስመር በታች መሆናቸው ይታይ፤ ከፍ ያለ ትራስ የታጠፈውን ግድግዳ ወደ ላይ ይገፋና መቀርቀሪያውን ሲጎትተው ይከርማል።