ለቤተሰብ ጥናት ተሳታፊዎች ገንዘብ ስለመክፈል

ቤት ለቤት እየዞርን ቤተሰቦችን በመጠይቅ በምንጠይቅበት የቤተሰብ ጥናት ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች በየዝግጅት ስብሰባው የምንከራከርበት ጉዳይ አለ፤ ሥራውን አቋርጦ ለሚመልስልን ሰው ገንዘብ እንክፈል ወይስ አንክፈል? በምዕራቡ ዓለም የመክፈሉ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፈቃደኛ መላሽ እየጠፋ ነው። የብሪታንያ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የመላሾቹ ድርሻ ከ20 በመቶ በታች በመውረዱ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የውጤቱን መደበኛ ኅትመት እስከ ማቋረጥ ተደርሷል።

በእኛ አገር ሁኔታው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የቤተሰቦች የምላሽ መጠን 98 በመቶ ነበር። ስለዚህ የምንከፍል ከሆነ ሰው እንቢ ስላለን ሳይሆን፣ በአዝመራ ወቅት የገበሬን ግማሽ ቀን በነጻ መውሰድ ተገቢ ስላልሆነ ነው። እኔም ይከፈል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ሆኖም ለችግረኛ ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ወረዳ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ስንት በግ፣ ስንት ጥማድ መሬት እያለ የሚጠይቅ ሰው ተረጂ መዝጋቢ መስሎ ይታያል። ይህ ሰው በዚያ ላይ ብር ከኪሱ ካወጣ፣ መላሹ ቀጣዩን ክፍያ እያሰበ በጎቹን ቢያሳንስ ማን ይፈርድበታል? ከአንድ የቆጠራ ቦታ (ለቆጠራ ተብሎ ከተከለለ ሰፈር) 28 ቤተሰብ ብቻ በዕጣ ሲመረጥ ደግሞ ያልደረሳቸው ጎረቤቶች ቅሬታ በመረጃ ሰብሳቢውና በቀበሌው መንገድ መሪ ላይ ያርፋል። በገንዘቡ ምትክ ሳሙና ወይም ስኳር ይሰጥ የሚሉ አሉ፤ እርዳታ መምሰሉን ግን አያስቀረውም።

ስለዚህ ክፍያው ለሁሉም እኩል፣ ከዕለታዊ የጉልበት ዋጋ ያልበለጠ፣ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት የሚሰጥ ይሁን፤ መላሹ መሐል ላይ ቢያቋርጥም እንደማይመለስ ይነገረው። የተረጂዎች ልየታ በሚካሄድባቸው ሳምንታት ደግሞ ጥናቱ ራሱ ቢዘገይ ይሻላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ደረሰኙ ነው። ስምዎ ከመልስዎ ጋር አይያያዝም ብለን ቃል በገባንበት አንደበት፣ ሒሳብ ክፍል ስለሚፈልገው ብቻ ስም፣ ፊርማና የጣት አሻራ እንጠይቃለን። በቤተሰቡ መለያ ቁጥር ላይ መረጃ ሰብሳቢውና ተቆጣጣሪው ፈርመው ገንዘቡን ማወራረድ የሚችሉበት አሠራር ከጥናቱ በጀት ጋር አብሮ መጽደቅ አለበት፤ ይህ ካልተፈቀደ ባይከፈል እመርጣለሁ።